ግማሽ ደመወዝ የተከፈለባቸው ወራት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የክፍት ሥራ ማስታወቂያ ቆሞ ያነበበ ሰው ያቺን መስመር አያጣትም፤ ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆን አለበት ትላለች። ሐሰተኛ የሥራ ልምድ በየሱቁ በሚታተምበት አገር ይህን መጠየቅ አያስነቅፍም። እኔም የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ለብዙ ባልደረቦቼ ማስረጃውን አዘጋጅቻለሁ። ፔሮሉን ከፋይል አወጣለሁ፣ ኮፒ አስደርጋለሁ፣ ማኅተም አስመታለሁ፣ መልካም ዕድል ብዬ እሸኛለሁ። ፔሮል የሰው ሕመም እንደሚያወራ ያወቅሁት የራሴን ኮፒ ያስደረግሁ ቀን ነው።

በ2012 ክረምት የሳንባ ነቀርሳ ይዞኝ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ ከቤተሰቤና ከጥቂት ወዳጆቼ በቀር ለማንም አልነገርኩም። ዓመቱ ደግሞ የኮሮና ነው፤ መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው ታማሚ አዲስ አበባ ላይ ከተገኘ ወዲህ ያሳለ ሰው ሁሉ በጎሪጥ ይታይ ነበር። የእኛ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ፣ የጮቄ ተራራ ብርድ እየወረደባት፣ ሐምሌና ነሐሴን የማያስል ማን አለ? እኔም ብርዱ ነው እያልኩ ሰነበትኩ። ሌሊት አንሶላው በላብ ሲርስ፣ ቀበቶዬ አዲስ ቀዳዳ ሲፈልግ ግን ሆስፒታል ሄድኩ። ኮሮና አይደለም ሲሉኝ ተመስገን አልኩ። አክታዬ ሲመረመር ሌላው ወጣ።

መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ይሰጣል። ሁለት ወር አራት ዓይነት፣ ከዚያ አራት ወር ሁለት ዓይነት ይዋጣል። ሽንትን ብርቱካንማ ያደርጋል፤ አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ደም መስሎት ይደነግጣል። በትክክል ከተወሰደ በሁለት ሳምንት ገደማ ወደ ሌላ ሰው የመተላለፍ ኃይሉ በእጅጉ ይቀንሳል። ሰው ከአንተ ጋር በአንድ ትሪ ለመቅረብ የሚፈጅበት ጊዜ ግን ከዚያ ይረዝማል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚፈቅደው የሕመም ፈቃድም በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር ነው። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ያለ ደመወዝ። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ተኝቼ በጥቅምት ክኒኔን ይዤ ወደ ሥራ ተመለስኩ። አሠሪዬን ጋሼ ነው የምላቸው፤ እንደ አዋጁ ከፈሉኝ፣ ሳንቲም አላጎደሉም። የታመምኩት ደግሞ በሒሳብ መዝጊያ ነው፤ ሰኔ 30 ዓመቱ አልቆ፣ የደረጃ ሀ ግብር ከፋይ እስከ ጥቅምት 30 ማስታወቅ ባለበት ወቅት። በእኔ ቦታ ጊዜያዊ ሰው ቀጥረው፣ ለእኔም ከፍለው ነው ያለፉት። በጥቂት ሰው ለሚንቀሳቀስ ድርጅት ይህ ቀላል ወጪ አይደለም። ስለዚህ አሠሪን ሁሉ ጨካኝ አድርጎ የሚያወራ ሰው ሲገጥመኝ ዝም እላለሁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ የተሻለ ደመወዝ ያለው ቦታ ወጣና ተወዳደርኩ። አዋጁ በአንቀጽ 12 አሠሪ ለሠራተኛው በነፃ የምስክር ወረቀት እንዲሰጥ ያዝዛል፤ የሚጻፈው የሥራው ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑና ደመወዙ ነው። ሕመም እዚያ ውስጥ የለም። ጋሼም ይህንኑ ጽፈው፣ ታታሪ ነው የሚል ጨምረው ፈረሙልኝ። የጽሑፍ ፈተናውን አለፍኩ፣ ቃለ መጠይቁንም። ቀጥሎ የሥራ ግብር ማስረጃ አምጣ ተባልኩ።

ፔሮሉ ላይ የሐምሌው ሙሉ ነው። የነሐሴውና የመስከረሙ ግማሽ። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ጣታቸውን እዚያ ላይ አሳርፈው፣ “እነዚህስ?” አሉኝ። ታምሜ ነበር አልኩ። “ምን ነበር?” አሉ። የሚጠይቁት በክፋት አልነበረም፤ ፊታቸው ላይ የእናት ሐሳብ ነበረበት። ድኛለሁ ብቻ ብዬ ዘጋሁት።

ከዚያ ወደ ድሮው ቢሮዬ ተደወለ። ስልኩን ያነሳችው አብራኝ የሠራች፣ ስታመም ሾርባ ይዛ ቤቴ የመጣች ልጅ ነች። የመለሰችውን ራሷ ነገረችኝ፦ “ሥራውስ እንከን የለውም፣ ጤናው ነው እንጂ፤ ምስኪን፣ እንዴት ተሰቃየ መሰለሽ!” እኛ አገር የታመመ ሰው ሲነሳ ከንፈር መምጠጥ ወግ ነው፤ ዝም ብትል ደንታ ቢስ ያሰኛታል። ወዳጅነቷን በደንብ ተወጥታለች። እኔ ግን ከዚያ በኋላ አልተጠራሁም። ምክንያቱ ያ ስልክ ነው ብዬ መማል አልችልም፤ ከእኔ የበለጠ ተወዳዳሪ ኖሮም ሊሆን ይችላል። ለምን ቀረሁ ብዬ ብጠይቅ ደግሞ በወረቀት የሰፈረ ነገር አላገኝም።

ሕጉ የጠበቀው ደብዳቤውን ነው፤ ሕመሜ የወጣው ግን በፔሮልና በርኅራኄ በኩል ነው። አሠሪ የሠራተኛውን ፈቃድና የጤና ሁኔታ እንዲመዘግብ ራሱ አዋጁ ያዝዘዋል፤ የኤች አይ ቪን ጉዳይ ለይቶ ያስቀራል። መመዝገቡ ተገቢ ነው። ለማን ይነገራል የሚለውን በተመለከተ በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መድቦታል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት የእኩልነት ሕግ ቀጣሪ የሥራ ግብዣ ከማቅረቡ በፊት ስለ ጤና እንዳይጠይቅ፣ ከጥቂት ጉዳዮች በቀር፣ ገድበዋል። እኛ ዘንድ ጥያቄው የሚነሳው ወንበር ሳትስብ ነው።

ቀጣሪ ለምን እንደሚፈራም ይገባኛል፤ የጋሼን ወጪ አይቻለሁ። ለሠራተኛው ግን ነገሩ የባሰ ነው። የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው፤ የሕመም ፈቃድ መብት የሚጀምረው ያ ካለቀ በኋላ ነው። አንዴ የታመመ ሰው አዲስ ቦታ ገብቶ በሁለተኛው ወር ጉንፋን ቢይዘው፣ ያ የድሮ ወሬ ከተሰማ፣ ተራ ጉንፋን ነው ብሎ የሚያምነው የለም።

የሕመም ፈቃዴ ወረቀት ላይ መስፈሩ አስጠቃኝ ብዬ እንዳላማርር የሚያደርገኝ ደግሞ የሌሎች ነገር ነው። ከማቻከልና ከስናን ወረዳዎች ወጥተው ከተማ ላይ በጥበቃና በጽዳት የሚሠሩ ሰዎች ሲታመሙ ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚሄዱት ፀበል ነው። ሁለት ሱባዔ ጨርሰው፣ ድነው ሲመለሱ በእጃቸው የሐኪም ማስረጃ የለም። ሕጉ የሚቀበለው ከታወቀ የሕክምና ተቋም የመጣውን ብቻ ነው፤ ስለዚህ በአቴንዳንሱ ላይ የሚጻፍላቸው ቀሪ የሚል ነው። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት የሥራ ቀን የቀረ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ይሰናበታል። የእኔን ዓይነት የሐኪም ወረቀት ቢይዙ ኖሮ ደመወዛቸውን ከነሥራቸው ያገኙ ነበር። አሁን ለማውቃቸው ሁሉ የምነግረው፣ ፀበሉን ጠጡ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ግን ጤና ጣቢያ ግቡ ነው። አንዳንዶቹ እምነት እንደጎደለኝ ይቆጥሩታል።

ለሚቀጥለው ውድድር ጋሼ ዘንድ ተመልሼ ሌላ ደብዳቤ ለመንኩ፦ ሠራተኛው በሕመም ፈቃድ ላይ ስለነበረ ለሁለት ወራት በአዋጁ መሠረት ግማሽ ደመወዝ ተከፍሎታል፤ ፈቃዱን ጨርሶ ወደ መደበኛ ሥራው ተመልሶ ሲሠራ ቆይቷል። የበሽታው ስም አልተጻፈም። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው፣ “ይቺን ለመጻፍ ነው እንዴ እንዲህ የምትለማመጠኝ?” አሉ። ከፔሮሉ ኮፒ ጋር አያይዤ ሳልጠየቅ አስገባሁት። ተቀጠርኩ።

አሁን ባለሁበት መሥሪያ ቤት የሠራተኛ ማኅደርም በእኔ እጅ ነው። የሐኪም ወረቀቶች በታሸገ ፖስታ፣ ለብቻቸው በተቆለፈ መሳቢያ ይቀመጣሉ፤ ማኅደሩ ውስጥ የሚገባው የፈቃዱ ቀን ብቻ ነው። ስለ ለቀቀ ሠራተኛ ሲደወል ሥራውን፣ ዘመኑንና ደመወዙን እነግራለሁ፤ ጤናውስ ካሉኝ በደብዳቤ ጠይቁን እላለሁ። አለቃዬ ትዕቢተኛ ታስመስለናለህ ይሉኛል፤ አንዳንዱ ደዋይም ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዘጋዋል። በደብዳቤ የጠየቀን እስካሁን የለም።