ኪኔሬት ሐይቅ ዳር ከገጣሚዋ ራሔል ዘንድ

በዚህ በጋ ከአዲስ ገቢ ቤተሰቦች ጋር ሆነን ወደ ኪኔሬት ሐይቅ ተጉዘን ነበር። አውቶቡሳችን የትቬሪያን ቁልቁለት ሲጀምር ሐይቁ ከበታቻችን ታየ። አንድ የጎንደር አባት «ጣና ደረስን!» ብለው ሁላችንንም አሳቁን። ጣና ግን 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ደጋ ላይ ሲገኝ፣ ኪኔሬት ከባሕር ወለል በታች 210 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚገኝ ነው።

ጠዋት ውሃው ረግቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን የበጋው የምዕራብ ነፋስ ኮረብታውን ተሻግሮ ወረደና ሐይቁን አናወጠው። እናቶችም እየተጣሩ ልጆቻቸውን ከዳር አራቁ።

ከዚያ በሐይቁ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ወደሚገኘው የኪኔሬት መካነ መቃብር ሄድን። በዚያ የተቀበረችው ገጣሚዋ ራሔል ናት። ከ2017 ጀምሮ በወጣው የ20 ሸቅል ኖት ላይ ያለው መልክ የእርሷ ነው። ራሔልም እንደ እኛ ከውጭ የመጣች ናት። በ1890 በሩሲያ ተወልዳ በ1909 ወደዚህ አገር ገባች። ዕብራይስጥን የተማረችው በረሆቦት ከመዋዕለ ሕፃናት ልጆች አንደበት እያዳመጠች ነው። ቀጥሎም በኪኔሬት እርሻ ሠራች።

በመቃብሯ አጠገብ የግጥም መጽሐፏ በሰንሰለት ታስሮ ተቀምጧል። ኡልፓን የጨረሰች አንዲት ወጣት አነበበችልን፤ እኛም ወደ አማርኛ መለስነው። እንግሊዛዊው ገጣሚ ሼሊ በ1816 ስለ ሞንት ብላንክ ተራራ ሲጽፍ፣ ቁልቁል የሚወርደውን የበረዶ ግግር በእባብ መስሎታል። ሰው በዚያ ኃይል ፊት ትንሽ ነው፤ ይፈራልም። ራሔል ግን ታላቁን የሄርሞን ተራራ «ሳባ» ትለዋለች፤ ሳባ ማለት አያት ነው። ብርዱ ከነጩ ራሱ ይወርዳል፤ ኃይሉ አልቀነሰም፤ ነገር ግን ዘመድ ሆኗል። በዕለቱ ጉም ሸፍኖት ስለ ነበረ፣ እኛም ሄርሞንን ያየነው በግጥሟ ብቻ ነው።

ራሔል በሐይቁ አጠገብ ብዙ አልኖረችም። በሳንባ ነቀርሳ ምክንያት ከአካባቢው መልቀቅ ግድ ሆነባት። አብዛኞቹን ግጥሞቿን የጻፈችው በመጨረሻዎቹ ስድስት ዓመታት ነው። በ1931፣ በ40 ዓመቷ፣ በቴል አቪቭ አረፈች። ወደ ሐይቋ የተመለሰችው ለመቀበር ነው።

ስንመለስ አንድ ሕፃን እኒያን አባት «አባባ፣ በእርስዎ አገርስ ሳባ የሚባል ተራራ አለ?» ሲል ጠየቃቸው። «አለ እንጂ ልጄ፣ ስሜን አለ» አሉና እስክንደርስ ድረስ ስለ ስሜን ብርድና ገደል ሲያጫውቱት መጡ። ሕፃኑም ሄርሞን ወዴት እንደ ሆነ በጣቱ አሳያቸው።

ወላጆች ሆይ፣ የዚህን አገር ተራራ ስም ከልጆቻችሁ ተማሩ፤ የእናንተንም ንገሯቸው። ሁለቱም አያቶቻቸው ናቸው።