ራጁ ያልለየው ጠባሳ

በአሜሪካ ሞንታና ግዛት ሊቢ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። አጠገቧ ለአሥርት ዓመታት ቬርሚኩላይት የተባለ ማዕድን ሲወጣ ኖሯል፤ ቤት ሙቀት እንዳያባክን ጣሪያና ግድግዳ ውስጥ የሚጨመር። ከማዕድኑ ጋር ግን አስቤስቶስ ተቀላቅሎ ነበር። ሠራተኞቹ ብናኙን በልብሳቸው ይዘው ቤት ገቡ፤ ልጆች ከኳስ ሜዳው አጠገብ በተከመረው ላይ ተጫወቱ። ማዕድን ማውጫው እ.ኤ.አ. በ1990 ተዘጋ። በሽታው ግን አልተዘጋም፤ አስቤስቶስ ከ10 እስከ 40 ዓመት አድፍጦ ነው የሚነሳው።

በ2000 እና በ2001 የመንግሥት ጤና ባለሙያዎች 6,668 ሰዎችን ራጅ አነሱ። 17.8 በመቶው የሳንባ ሽፋናቸው ላይ ጉዳት ታየ። አስቸጋሪዎቹ መሃል ላይ የቀሩት ነበሩ። በራጅ ላይ ከጎድን አጥንት ሥር ያለ ስብ እንኳ ጠባሳ መስሎ ይታያል። እንዲህ ራጃቸው ካሻማቸው መካከል 353ቱ ሲቲ ስካን ሲነሱ፣ 98ቱ ላይ የሽፋን ጉዳት ተገኘ። በሌሎቹ ላይ አልታየም፤ ለእነሱም ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስካኑ ሳንባን እንደ ዳቦ በስሱ ቆራርጦ ያሳያል። ጠባሳው የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከታችና ከጀርባ በኩል ስለሆነ፣ ሰውየው በሆዱ እንዲተኛ ይደረጋል። በጀርባ ሲተኙ በክብደት ብቻ የሚጠቁር ቦታ ያኔ ይጠፋል፤ እውነተኛው ጠባሳ ይቀራል።

«መድኃኒት ለሌለው በሽታ ቀድሞ ማወቅ ምን ይሠራል?» የሚሉ አሉ። ጠባሳውን የሚያጠፋ ነገር እንደሌለ እውነት ነው። ነገር ግን አስቤስቶስ የተነፈሰ ሰው ሲያጨስ የሳንባ ካንሰር ሥጋቱ እጅግ ይንራል፤ ሲጋራውን የሚጥልበት ምክንያት አገኘ ማለት ነው። ሌላው ጥቅም የመብት ነው። በ2010 የወጣው የአሜሪካ የጤና ሕግ በሽታው ለተረጋገጠባቸው የሊቢ ሰዎች፣ 65 ዓመት ባይሞላቸውም፣ ሜዲኬርን ፈቀደ። ፊልሙ ላይ ያለች ጥላ የዕድሜ ልክ ሕክምና በር ከፈተች።

በር ባለበት ክርክር አይጠፋም። በ2023 አንድ የፌዴራል ጁሪ የከተማዋ ክሊኒክ 337 የሐሰት ጥያቄዎች አቅርቧል ሲል ወሰነ። ይህን ይዞ ምርመራው ይቁም ማለት ግን የታመመውን ካልታመመው ጋር አብሮ መቅጣት ነው። ማሽኑ አልዋሸም፤ የሚያስፈልገው ፊልሙን ለየብቻ የሚያነቡ፣ ከክፍያው ጥቅም የሌላቸው ሁለት ሐኪሞች ናቸው።