«ተሻግረናል» ያልንበት ቅዳሜ

የኮምፒውተር ነገር የወጣቶች ጉዳይ ነው ብላችሁ ገጹን ለመግለጥ የተነሳችሁ አንባቢያን፣ ጥቂት ታገሡኝ። ወጌ ስለ ኮምፒውተር ቢመስልም ስለ እድራችን መዝገብ ነው። የእድር መዝገብ በሰው አገር ምን ማለት እንደሆነ፣ አስከሬን ወደ አገር ቤት ሸኝቶ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል።

እኔ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እድራችን ግን የተቋቋመው አሌክሳንድሪያ ነው፤ መዝገቡም እዚያው፣ ገንዘብ ያዣችን ምድር ቤት ውስጥ በተቀመጠ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ይገኛል። ኮምፒውተሩ የሚሠራው በሊኑክስ ነው። ለማያውቁት፣ ሊኑክስ በ1969 እ.ኤ.አ. ቤል ላብስ ውስጥ የተጀመረውን ዩኒክስን አርአያ አድርጎ የተጻፈ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ተማሪ ለዓለም ያሳወቀው በነሐሴ 1983 ዓ.ም.፣ ደርግ በወደቀ በሦስት ወሩ ነበር።

ኮምፒውተሩን ያዘጋጀልን ወጣት ሥራ አግኝቶ ቴክሳስ ከገባ ቆይቷል። የእድሩ የድሮ ቃለ ጉባኤዎች የተጻፉት ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከመግባቱ በፊት ነው። በዚያ ዘመን እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም ፊደሉን የሚያስቀምጠው በራሱ ቁጥር ስለነበር፣ ያ ፎንት ከሌለ «ቃለ ጉባኤ» የሚለው ቃል ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ሆኖ ይወጣል። ፎንቱም፣ የመዋጮው መዝገብም፣ ለማን ይደወል የሚለው ዝርዝርም ያሉት «ሩት» ማለትም ሥር በሚባለው የዲስኩ ክፍል ነው። በዩኒክስ ሁሉም ነገር የሚበቅለው ከዚህ ሥር ነው፤ ምልክቱም አንዲት እዝባር ናት።

ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ማለት ሲጀምር ገንዘብ ያዣችን ደወሉልኝ። «አንተ ልጅ፣ ይህ ነገር ሳይሞት ድረስልን» አሉኝ። አርባን ካለፍኩ ቆይቻለሁ፤ ለእሳቸው ግን ዛሬም ልጅ ነኝ።

«ጋሼ፣ አዲስ ጭነን ከዜሮ ብንጀምርስ?»

«ከዜሮ መጀመር አንድ ጊዜ ይበቃናል።»

ቅዳሜ ጠዋት የዊልሰንን ድልድይ ተሻግሬ ሄድኩ። አዲሱን ዲስክ ከአሮጌው ጎን ሰካሁ፣ ከፋፈልኩት፣ ፎርማት አደረግሁት። የሥሩንም ይዘት የፋይሎቹን ባለቤትና ፈቃድ ሳላዛባ ገለበጥኩ። ግራብ የሚሉትን የማስነሻ ፕሮግራም አዲሱ ላይ ጫንኩና ኮምፒውተሩ ከዚያው እንዲነሳ አዘዝኩት። ተነሳ! ሁሉም በየቦታው ነው። «ተሻግረናል ጋሼ!» አልኩ። ቡና ተፈላ። እሳቸውም በዚያው ከሰዓት በኋላ የ27 አባላትን መዋጮ አስገቡና የጻፉበትን ብጣሽ ወረቀት ሁሉ ቀደው ጣሉት።

በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አሮጌውን ዲስክ ነቅዬ ልጥለው ሄድኩ። ነቀልኩት፤ ማብሪያውን ተጫንኩ። በጥቁሩ ስክሪን ላይ የተፈለገው ዲስክ የለም የሚል አንድ መስመር ብቅ አለ፤ ከሥሩም «ግራብ ሬስኪዩ» የሚል። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ዝም አሉ። ከአባሎቻችን አንዱ በዚያ ሳምንት በጠና ታመው ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ዝምታቸው ገባኝ።

ጥፋቱ የኔ ነበር። እያንዳንዱ የዲስክ ክፍል ዩዩአይዲ የሚሉት መታወቂያ ቁጥር አለው። ሲስተሙ ሲነሳ ሥሩን የሚፈልገው በዚህ ቁጥር ነው። እኔ ይዘቱን ስገለብጥ፣ ሥሩ የት እንዳለ የሚናገሩትን የግራብን መመሪያና «ኤፍስታብ» የሚባለውን ዝርዝርም እንዳሉ ገለበጥኩ፤ ሁለቱም የሚጠቁሙት አሮጌውን ነበር። ግራብንም የጫንኩት አሮጌው ሥር ላይ ሆኜ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ኮምፒውተሩ በአዲሱ ዲስክ በር ገብቶ ይኖር የነበረው በአሮጌው ቤት ነው። የ27ቱም መዋጮ የተጻፈው እዚያው ነው።

ይህን ስነግራቸው ጋሼ ሳቁ። «እንደኛው ነዋ! አካሉ እዚህ፣ ሥሩ እዚያ።»

እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። አሮጌውን መልሼ ሰካሁና በዚህ ጊዜ ኮምፒውተሩን ከፍላሽ ላይ በሚነሳ ሊኑክስ አስነሳሁ፤ እየሠራ ያለ መዝገብ እየተገለበጠ ሳለ ሊለወጥ ይችላልና። ከቅዳሜ ወዲህ የተለወጠውን በ«አርሲንክ» ደግሜ አሻገርኩ። ዲስኩ ቀጭ ባለ ቁጥር እኔም ከወንበሬ ብድግ እል ነበር። ሲያልቅ «ሲኤችሩት» በተባለው ትእዛዝ አዲሱ ሥር ውስጥ ገባሁና፣ ከዚያው ሆኜ በኤፍስታብ ላይ አዲሱን ቁጥር ጻፍኩ፣ ግራብንም እንደገና ጭኜ መመሪያውን አሳደስኩ። ከዚያ አጠፋሁት። አሮጌውን ነቅዬ ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጥኩ በኋላ ማብሪያውን የተጫኑት ጋሼ ናቸው።

ተነሳ። «ፋይንድማውንት» ብዬ ሥሩ የት እንዳለ ጠየቅሁት፤ አዲሱን ዲስክ ጠራ። 27ቱንም ስሞች አንድ በአንድ አነበብናቸው። ይህችን ትእዛዝ ቅዳሜ ጽፌያት ቢሆን የሁለት ሴኮንድ ሥራ ነበረች።

ይበልጥ ያሳፈረኝ ደንቡን ማወቄ ነው። አገር ቤት ጋዜጣ ስናዘጋጅ፣ ታትሞ እጃችን ሳይገባ ረቂቁን አንጥልም ነበር። እዚህ መጥቼ በአንድ ሲኒ ቡና ረሳሁት።

አሮጌው ዲስክ ዛሬ ቀኑ ተጽፎበት በጋሼ መሳቢያ ውስጥ ነው። አንድ ቅጂ ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ እኔ ዘንድ አለ። ቃለ ጉባኤዎቹን ወደ ዩኒኮድ መመለስ ጀምረናል፤ ያ ፎንት የጠፋ ዕለት የመሥራቾቻችን ቃል አብሮ እንዳይጠፋ። የታመሙት አባላችንም ድነው ወጥተዋል፤ ያለፈው ወር መዋጮ ግን ይቀርባቸዋል።

የእድር፣ የማኅበር፣ የደብር መዝገብ የያዛችሁ ወገኖቼ፣ አሮጌውን ከመጣላችሁ በፊት ነቅላችሁ ሞክሩ። ቸር ያሰማን።