የምንናዘዘው የማን ውሸት ነው?

መሪዎች ሲዋሹ መቆጣት አያቅተኝም። የምናዘዘው አንዱ ውሸት ስላሳረፈኝ ነው።

ኅዳር 2013 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ፓርላማ ቀርበው፣ ሠራዊቱ ትግራይ ውስጥ ከተሞችን ሲቆጣጠር አንድም ሲቪል አልገደለም አሉ። ያኔ የትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ እዚያ ያለ ሰው ሐሰት ነው ቢል እንኳ የሚሰማበት መንገድ አልነበረም። ይህን አውቅ ነበር። መድፍ የሚተኮስበት ጦርነት ሰላማዊ ሰው ሳይነካ ያልፋል ብሎ የሚያምን ልብም የለኝም። ግን ንግግሩን ስሰማ እፎይ አልኩ፤ ለጠየቀኝም ሁሉ ደገምኩለት።

ስለ ደርግ ሳነብ ያን ትውልድ እታዘበው ነበር። ንጉሡ የወሎን ረሃብ ደበቁ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያነሳው የረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል ጋር እየተፈራረቀ በቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ደርግ ንጉሡን ከዙፋን አወረደ። ረሃቡ እውነት፣ ግብዣውም እውነት ነበር፤ ጎን ለጎን የተደረደሩት ግን ተመልካቹን ለማስቆጣት ነው። ያው ደርግ መስከረም 1977 ዓ.ም. አሥረኛ ዓመቱን በሰልፍና በባንዲራ ሲያከብር ሰሜኑ እንደገና ተርቦ ነበር። በዓሉ እስኪያልፍ የውጭ ጋዜጠኞች ወደዚያ እንዳይሄዱ ተከለከሉ። ሰዉ ይህን እንዴት ዝም ብሎ አየ እል ነበር።

አሁን አልልም። ስልኬ ላይ የሬሳ ቪዲዮ ሲመጣ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው የለጠፈው ሰው ስም ላይ ነው። ሟቹ የኛ ወገን ከሆነ አለቅሳለሁ። የነሱ ከሆነ ወደ አስተያየቶቹ እወርዳለሁ፤ «የቆየ ነው»፣ «ሌላ አገር ነው» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። እሱን ካገኘሁ በኋላ ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አላየውም። መሪ ደፍሮ የሚዋሸው እንዲህ ያለ ሰሚ እንዳለው ስለሚያውቅ ይመስለኛል።

መጋቢት 2013 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ እዚያው ፓርላማ ተመልሰው፣ ትግራይ ውስጥ ግፍ መፈጸሙን የሚያሳዩ ሪፖርቶች እንዳሉና የኤርትራ ወታደሮች ድንበር መሻገራቸውን አመኑ፤ ሴት የደፈረና የዘረፈ ወታደር እንደሚጠየቅም ተናገሩ። ሠራዊቱ ይዋጋው የነበረው ሕወሓት በፕሮፓጋንዳው ነገሩን እንደሚያጋንንም ጨመሩ። ከዚያ ሁሉ ንግግር ለሰው የነገርኩት ይህችን የመጨረሻዋን ብቻ ነው። የተደፈሩትን ሴቶች አላነሳሁም።