የተረፈችው አንድ ቀን



የሴሚስተር እረፍት ሲቃረብ በጀመዓችን ውስጥ «የት እንሂድ?» የሚል ጥያቄ አይጠፋም። ከተማውን መምረጥ ብዙም አያስቸግርም፤ ዘመድ ያለበትና ማደሪያ በነፃ የሚገኝበት ይመረጣል። የሚያስቸግረው ቀጥሎ የሚመጣው ነው፤ «እዚያ ድረስ ከሄድን አይቀር ወዴት ጎራ እንበል?» እኛ አራት ጓደኛሞች ባለፈው እረፍት ድሬዳዋ ስምንት ቀን ስንቆይ ይህችው ጥያቄ ልታለያየን ደርሳ ነበር። እንዴት እንደመረጥን የምንጽፈው ለቀጣዩ እረፍት ለምታስቡ ይጠቅም ይሆናል ብለን ነው።

መገላና ከዚራን ዞረን፣ ደቻቱን ተሻግረን፣ ከፊራ ገበያ ገብተን ወጥተን አንድ ቀን ተረፈችን። ለእሷም ሦስት ሐሳብ ቀረበ። አንደኛው ለጋ ኦዳ ነው፤ የጥንት ሰዎች በድንጋይ ላይ የሣሏቸው ሥዕሎች ያሉበት። ሁለተኛው ከሐረር አልፎ በጅጅጋ መንገድ ያለው ባቢሌ ነው፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተቆልሎ የቆመበት ሸለቆና የዝሆኖች መጠለያ አለው። ሦስተኛው ሐረር ነው።

ለጋ ኦዳ መኪና መከራየት የሚጠይቅ ሆነና የአንዳችን ኪስ አልቻለውም። ሦስታችን ሄደን እሱን ቤት መተው ደግሞ አልፈለግንም። ባቢሌ ለደርሶ መልስ አንድ ቀን ይጠበናል፤ ዝሆኑን ለማየት መንገድ የሚያውቅ ሰውና ሰፊ ጊዜ ያስፈልጋል። ሐረር ግን 55 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ ሚኒባስ ቀኑን ሙሉ ይመላለሳል፤ ሁላችንም አንችላታለን አላልንም።

ሐረርን እንድናስቀድም ያደረገን ሌላም ምክንያት አለ። ድሬዳዋ የተወለደችው በሐረር ምክንያት ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ተራራውን ወጥቶ ሐረር መግባት ስላልተመቸው ቆላውን ይዞ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከተማዋም በጣቢያው ዙሪያ አደገች። ስምንት ቀን ከልጅቱ ቤት ተቀምጦ እናቲቱን ሳይጠይቁ መመለስ ደግ አይደለም ተባባልን።

ክርክሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሁለታችን «ሐረር ከሄድንማ አው አባድርን ዚያራ እናደርጋለን» አልን። ሼኽ አባድር እንደሚተረከው ከ44 ወሊዮች ጋር ከዐረብ አገር መጥተው ለከተማዋ መሠረት የሆኑ ናቸው። ሌሎቹ ሁለታችን ደግሞ ወደ ሦስቱ መስጂዶች ማለትም ወደ መስጂደል ሐራም፣ ወደ መስጂደ ነበዊና ወደ መስጂደል አቅሷ ካልሆነ በስተቀር ጓዝ ታስሮ እንደማይኬድ የሚናገረውን ሐዲስ አነሣን። ድምፅ ከፍ አለ። «እንግዲያው እናንተ ሂዱ፤ እኛ እንቀራለን» እስከመባል ደረሰ። በየዶርማችን በዚህ በአንድ ጉዳይ ስንት ወዳጅነት እንደቀዘቀዘ የምታውቁት ነው።

ያበረደን ከዒሻእ በኋላ የተጀመረው ሙጣለዓ ነው። ኢብን ተይሚያ በዚህ ሐዲስ ተነሥተው ለቀብር ብሎ ጉዞ ማድረግን ከልክለዋል። ኢማም ነወዊ ደግሞ በሶሒሕ ሙስሊም ማብራሪያቸው ሐዲሱ የሦስቱን መስጂዶች የላቀ ደረጃ የሚገልጽ እንጂ ሌላውን ጉዞ ሐራም የሚያደርግ እንዳልሆነ አስረድተዋል። ሁለቱም ዑለማእ ናቸው፤ ኺላፉም ከእኛ በፊት የነበረ ነው። መቶ ዓመታትን የዘለቀ ኺላፍ በአንድ ሌሊት እንፍታ ማለት ለእኛ አይገባም። ልንፈታው የምንችለው አብረን እንዴት እንደምንሄድ ብቻ ነው።

በዚያው ምሽት የቁባ ነገር ተነሣ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በየቅዳሜው፣ አንዳንዴ በእግር አንዳንዴ በግልቢያ፣ ወደ ቁባ መስጂድ እየሄዱ ሁለት ረከዓ ይሰግዱ እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ቁባ ከመስጂደ ነበዊ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ የምትርቅ ናት። አጭር መንገድ በኒያ እንደሚከብር ከዚህ ተረዳን። ስለዚህ ኒያችን ከተማዋን ማየት፣ ከሕዝቧ ጋር ዙሁርን በጀመዓ መስገድና መመለስ እንዲሆን ተስማማን። ወደ አው አባድር ዚያራ መግባት የሚፈልግ ይገባል፤ የማይፈልግ ውጪ ይጠብቃል፤ ወጪውም ጠባቂውም በመንገድ ላይ ነገሩን አያነሣም።

ከፈጅር በኋላ ተነሣን። ሚኒባሱ የደንገጎን ጥምዝምዝ ሲወጣ የምህንድስና ተማሪዎች ነንና ዓይናችን ከዳገቱ አልተነሣም። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር፣ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ላይ ናቸው። ሐረር ትጠጣበት የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ ከድሬዳዋ አካባቢ ቆላ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ውኃ በፓምፕ ሽቅብ ይገፋላታል። ሐይቁ በቅርብ ዓመታት ውኃ መልሶ ቢይዝም ትምህርቱ ቀርቷል፤ እናቲቱ ዛሬ የልጅቱን ውኃ ትጠጣለች። ስምንት ቀን ድሬዳዋ ስንቀመጥ ያላወቅነውን ይህን ጉዳይ የነገረን የአንድ ቀኑ መንገድ ነው።

ጀጎልን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር የተሠራው ግንብ፣ በውስጡም 82 መስጂዶች፤ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በጠባቦቹ መተላለፊያዎች ስንሄድ ትከሻ ለትከሻ እንነካካ ነበር፤ ተኮራርፎ መሄድ የማይቻልበት ከተማ ነው። አው አባድር ስንደርስ ሁለታችን ገባን፤ ሁለታችን ከጥላ ሥር ተቀምጠን ጠበቅን። የወጡትም የጠበቁትም ፈገግ ብለው ተነሡ። ከዚያ በላይ ምንም አልተባለም።

ዙሁር ሲደርስ ሌላ ኺላፍ ይዘን ነበር የመጣነው። አንዳችን የወሎ ልጅ፣ ሐነፊይ ነው፤ በመዝሀቡ ከ15 ቀን በታች የሚቆይ ሙሳፊር ስለሆነ አራቱን ሁለት አድርጎ ያሳጥራል። ሦስታችን ሻፊዒዮች ነን፤ ከገባንበትና ከምንወጣበት ቀን ሌላ አራት ሙሉ ቀን ለመቆየት ስለነየትን ድሬዳዋ ላይ ሙቂም ሆነናል፤ 55 ኪሎ ሜትሩም ለቀስር አይበቃም። ብቻችንን ብንሰግድ አንዱ ሁለት፣ ሦስቱ አራት ረከዓ ሊሆን ነው። ነገር ግን ጃሚዕ መስጂድ ገብተን ከከተማው ኢማም ኋላ ቆምን። ከሙቂም ኢማም ኋላ የሚሰግድ ሙሳፊር ኢማሙን ተከትሎ ይሞላልና አራታችንም አራት ረከዓ ሰገድን። ተሰላምተን ስንዞር ሁላችንም ተሳሳቅን። ወደ ሰው አገር ሄዶ ከሰው ኢማም ኋላ መቆም ስንቱን ልዩነት እንደሚያቀልል ያየነው በዚያች ሰዓት ነው።

ከመግሪብ በፊት ድሬዳዋ ተመለስን፤ የደንገጎን መንገድ በጨለማ መውረድ አልወደድንም።

ለቀጣዩ እረፍት ጎራ የምትሉበትን ስትመርጡ የሚያምረውን ሥፍራ ብቻ አትጠይቁ። ያረፋችሁበትን ከተማ የሚያስረዳችሁን ቦታ ፈልጉ። ከመካከላችሁ ገንዘብ ያነሰው የሚችለውን ምረጡ። የምትለያዩበትን ጉዳይ ከመነሣታችሁ በፊት ተነጋግራችሁ ጨርሱት፤ መንገድ ላይ አይፈታም። ዙሁርን የት፣ ከማን ኋላ እንደምትሰግዱም አስቀድማችሁ እወቁ። አላህ ጉዟችሁን ያግራላችሁ፤ በሰላም ይመልሳችሁ።