«ሊሠራው ነበር»

ከ1962 እስከ 2021 ድረስ ኢዮን የተባለው ኩባንያ ሃያ አምስት የጄምስ ቦንድ ፊልሞችን አውጥቷል (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከእነዚህ ጎን ለጎን የፊልም ወዳጆች በቃላቸው የያዙት ሌላ ዝርዝር አለ፤ ቦንድን ሊሠሩ ጥቂት ቀርቷቸው ያልሠሩት ዳይሬክተሮች ዝርዝር። ሂችኮክ አለበት። ስፒልበርግ አለበት። ታራንቲኖና ዳኒ ቦይልም አሉበት። ሰው ሲሰበሰብ ይህ ዝርዝር እንደ ሰፈር ወሬ ይነሳል፣ «እሱ ቢሠራው ኖሮ» እየተባለ ይመሻል። እኔም ወሬውን እወደዋለሁ። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ግን አንድ ጥያቄ ይከነክነኛል፤ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ለመግባት ምን ያስፈልጋል?

ከሂችኮክ እንጀምር። በ1959 የቦንድ ደራሲ ኢያን ፍሌሚንግ ከኬቪን ማክሎሪ ጋር ሆኖ ለሲኒማ የሚሆን የቦንድ ታሪክ እያዘጋጀ ነበር። ዳይሬክተር ሲፈልግ ለወዳጁ ለደራሲው ኤሪክ አምብለር ቴሌግራም ላከ፤ ሂችኮክ ይህን ሥራ ይፈልገው እንደሆን ጠይቅልኝ ሲል። ሂችኮክ ወደ «ሳይኮ» ሄደ። ፍሌሚንግ ያንን የፊልም ታሪክ «ተንደርቦል» የተባለ ልብ ወለድ አደረገው፣ ማክሎሪ ከሰሰው፣ ነገሩ ለዓመታት ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ተጓተተ። ሂችኮክ ግን ጨርሶ አልቀረም። በ1959ኙ «ኖርዝ ባይ ኖርዝዌስት» ገላጣ ሜዳ ላይ አንድን ሰው አውሮፕላን ያሳድደዋል። በ1963ቱ «ፍሮም ራሺያ ዊዝ ላቭ» ደግሞ ሾን ኮነሪን ገላጣ ኮረብታ ላይ ሄሊኮፕተር ያሳድደዋል። ሰውየው በበር ሳይገባ በመስኮት ገብቷል ማለት ይቻላል።

ስፒልበርግ በሰባዎቹ ዓመታት የቦንድን አምራች አልበርት ብሮኮሊን ሥራውን እንዲሰጠው ጠይቆ እንቢ ተብሏል። በ1977 ሐዋይ ባሕር ዳርቻ ላይ ከጆርጅ ሉካስ ጋር ሆኖ ቦንድ መሥራት እፈልጋለሁ ቢለው፣ ሉካስ ከዚያ የተሻለ ነገር አለኝ ብሎ የኢንዲያና ጆንስን ሐሳብ ነገረው። እንቢታው የወለደው ፊልም በ1981 ወጣ፤ እኛ አክሱም አለ የምንለውን ታቦተ ጽዮን ግብፅ ውስጥ አሸዋ ሥር የሚፈልግ ፊልም። ስፒልበርግ በ1989 ሦስተኛውን ክፍል ሲሠራ የኢንዲያናን አባት እንዲጫወት የጠራው የመጀመሪያውን ቦንድ ሾን ኮነሪን ነው። የቦንድ ልጅ መሆን የሚቻልበትን መንገድ አገኘ።

ታራንቲኖ «ካሲኖ ሮያል»ን መሥራት እንደሚፈልግ በአደባባይ ሲናገር ቆይቷል፤ በ2006 ፊልሙ ሲወጣ ዳይሬክተሩ ማርቲን ካምቤል ነበር። ዳኒ ቦይል ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ቀርቦ ነበር። በግንቦት 2018 የሃያ አምስተኛው ፊልም ዳይሬክተር ተብሎ በይፋ ታወጀ፣ «ትሬይንስፖቲንግ»ን የጻፈለትን ጆን ሆጅንም ይዞ መጣ። በነሐሴ በፈጠራ ሐሳብ ስላልተስማሙ ተለያዩ ተባለ፣ በመስከረም ኬሪ ጆጂ ፉኩናጋ ተተካ።

የእነዚህ ሰዎች ታሪክ አንድ ነገር ያስተምራል፤ ቦንድ ባለቤት ያለው ቤት ነው። ብሮኮሊና ሃሪ ሳልትዝማን አቋቋሙት፣ ከ1995 ጀምሮ የብሮኮሊ ልጅ ባርባራና የእንጀራ ልጁ ማይክል ዊልሰን አስተዳደሩት። ሃያ አምስቱን ፊልሞች የሠሩት ዳይሬክተሮች አሥራ ሁለት ብቻ ናቸው። ከሁሉም ብዙ የሠራው፣ አምስት ፊልም፣ ጆን ግሌን ነው፤ እዚያው ቤት በአርትዖት ሥራ ያደገ ሰው። ከእሱ በፊት ፒተር ሀንትም ከአርታዒነት ተነስቶ ነው ዳይሬክተር የሆነው። የቤቱን ልማድ የሚያውቅ ይሾማል፤ የራሱን ልማድ ይዞ የሚመጣ እንግዳ በክብር ይስተናገዳል፣ ዕቃ ማዘዋወር ሲጀምር ግን በሩ ይታየዋል። ይህን ለነቀፋ አልልም። ስልሳ ዓመት የቆመ ቤት የቆመው በዚሁ ጠባቂነቱም ጭምር ነው።

እኔን የሚይዘኝ ግን ዝርዝሩ ራሱ ነው። በአማርኛ «ሊሠራው ነበር» ስንል አለመሥራቱን የሚናገር ቃል ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የለም። ሰሚው ግን ይሰማዋል፤ «ግን» የሚለውን ይጠብቃል። የዝርዝሩ ሰዎች ሁሉ ከ«ግን» በኋላ የሚነገርላቸው ነገር አላቸው። ሂችኮክ ቦንድን ሊሠራ ነበር፣ ግን «ሳይኮ»ን ሠራ። ስፒልበርግ ሊሠራ ነበር፣ ግን ኢንዲያና ጆንስን ሠራ። እንቢታው የሚያስቀው መጨረሻውን ስለምናውቅ ነው። ስፒልበርግ በዚያው ተስፋ ቆርጦ ወደ ሌላ ሥራ ሄዶ ቢሆን ኖሮ ብሮኮሊ ፊት ቆሞ መለመኑን ማን ይተርክልን ነበር? «ሊሠራው ነበር» ጨዋታ እንዲሆን ከኋላው «ሠርቷል» የሚል ምስክር ይፈልጋል። ምስክር የሌለው ዝርዝሩ ውስጥ አይገባም። ከአሥራ ሁለቱ አንዲት ሴት የለችም፣ አፍሪካዊም የለም፤ በዚያ በር አጠገብ ሳይደርሱ የቀሩትን ደግሞ የሚቆጥር የለም።

ይህን የምለው በአጎቴ ምክንያት ነው። የእናቴ ወንድም ዋሽንግተን አጠገብ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራሉ። በደርግ ዘመን ፊልም ለመማር ወደ ሶቪየት ኅብረት ሊላኩ ነበር። ቀሩ። ለምን እንደቀሩ ቤተሰቡ ውስጥ ሁለት ሦስት ዓይነት ይነገራል፣ እሳቸው ግን «ልሄድ ነበር» ብለው ያቆማሉ። «ግን» አይሉም። ዶክትሬቴን ስጀምር ለሁለት ዓመት እሳቸው ቤት ነበር የምኖረው፤ እሑድ እሑድ የድሮ ቦንድ እናያለን። አጎቴ ታሪኩን አይከታተሉም። «እዚህ ጋ ቆረጡት» ይላሉ። «አየህ፣ ሄሊኮፕተሩ ሁለቴ ብቻ ነው የቀረበው፣ ቀሪውን በድምፁ ነው ያስፈራሩህ።» ይህን ያዩት መጀመሪያ ፒያሳ ሲኒማ ቤት፣ በልጅነታቸው ነው፤ ያኔም የቆጠሩት ይመስለኛል። ስለ ፊልም የማውቀውን ግማሹን ከክፍል፣ ግማሹን ከዚያ ሶፋ ላይ ነው ያገኘሁት።

በየካቲት 2025 የቦንድ የፈጠራ ሥልጣን ወደ አማዞን ኤምጂኤም ተላለፈ፣ በሰኔ ደግሞ ዴኒ ቪልኔቭ ቀጣዩን ፊልም እንደሚሠራ ተነገረ። ለአጎቴ በስልክ ነገርኳቸው። «እንግዲህ ሊሠራው ነው» አሉ። ቀጥለውም «ሊሠራው ነው እና ሊሠራው ነበር መሀል ያለው አንዲት ቃል ናት» ብለው ሳቁ።

እኔም ድፍረት አገኘሁና «ጋሼ፣ ለእርስዎ ቢሰጡዎትስ?» አልኳቸው።

«ቦንድን ምን ላደርገው? እኔ የማነሳው እናቴን ነበር። ሌሊት፣ ገበያ ልትሄድ ስትነሳ፣ በኩራዝ። ምስር ስትለቅም። ፊቷን አላሳይም፤ እጇንና ሰፌዱን ብቻ፣ እስኪነጋ። ድምፅ የሚኖረው የምስሩ ብቻ ነው። ሲነጋ ተነስታ ትወጣለች፣ ካሜራው አይከተላትም፣ ቤት ይቀራል።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ የሥራ ሰዓታቸው ስለደረሰ ስልኩን ዘጉት።

አያቴን አላውቃትም፤ ከመወለዴ በፊት ነው ያረፈችው። እጇን ግን አሁን አውቀዋለሁ። አጎቴ ሊሠሩት የነበረው ፊልም በየትኛውም ዝርዝር ውስጥ ስለሌለ እዚህ መዝግቤዋለሁ።