«ድንኳን የተተከለው ማን ሞቶ ነው?»

«ውይ በሞትኩት! ማን ነው?»

ጎረቤታችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በራችን ላይ ቆመዋል። ከኋላቸው ሁለት ሴቶች አሉ፤ የአንደኛዋ እንባ ቀድሟት መጥቷል። የዕድራችን ጸሐፊም «ጥሩንባ ይነፋ ወይስ እንጠብቅ?» ብሎ ሊጠይቅ ከተፍ ብሏል።

ለካስ ትንሹ ልጄ ሱቅ ተልኮ ሲሄድ «እኛ ቤት እኮ ድንኳን ተተክሏል» ብሎ አውርቶ ኖሯል። ልጁ አልዋሸም፤ ድንኳን ተተክሏል። የሞተ ሰው ግን የለም። መርካቶ የገዛናትን ትንሽ የሽርሽር ድንኳን ግቢያችን ውስጥ ተክለን እየሞከርናት ነበር። ለቀስተኞቻችንን ቡና አፍልቼ ሸኘኋቸው።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ ፍርዱን ለእናንተ እተዋለሁ። እኛ አገር ድንኳን ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ነው። ለመዝናናት ድንኳን ውስጥ አድራለሁ የሚል ሰው ጤንነቱ ይጠረጠራል። የባለቤቴ እናት እንዲያውም፣ «አንዴ ተድሬበታለሁ፤ ሁለተኛ የሚተከልልኝ ስሞት ነው። በመሀሉ እኔ ድንኳን ውስጥ አላድርም!» ብለው ገና በጠዋቱ ራሳቸውን ከጉዞው አወጡ።

ይህ የሆነው በ2011 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ነው። ነገሩ የተጀመረው በፎቶግራፍ ነበር። ውጭ አገር የሚኖር የባለቤቴ የአክስት ልጅ፣ አይስላንድ የምትባለውን ደሴት ድንኳን በመኪና ጭኖ ሲዞር የተነሣውን ላከልን። ደሴቲቱን የሚዞረው አውራ መንገድ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ባለቤቴ ፎቶውን አይቶ አይቶ «እኛስ?» አለኝ።

«እኛ ምን ደሴት አለን?» አልኩት።

«የእኛ ደሴት ሰሜን ሸዋ ነው» አለ።

ሳቅሁበት። በኋላ ሳስበው ግን እውነት አለው። ያ ደጋ ከቆላው መሀል ብድግ ብሎ የወጣ ደሴት ነው። በምሥራቅ በኩል ገደሉ ቁልቁል ወደ አፋር ሜዳ ይወርዳል። የመንዝ ጓሳ ቀይ ቀበሮ ወደ ሞቃቱ ቆላ ወርዶ አይኖርም። ከኢትዮጵያ ደጋዎች በቀርም በዓለም ላይ የትም አይገኝም፤ የአዋቂዎቹ ቁጥር 500 አይሞላም ይባላል። ደሴት ማለት ታዲያ ሌላ ምንድን ነው?

የጎበዝ ዕቅድ

የመጀመሪያውን ዕቅድ ባለቤቴ ብቻውን አወጣ። አራት ቀን! ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ አንኮበር፤ ተመልሶ በጣርማ በር ወደ መንዝ፣ ጓሳ ላይ ድንኳን፣ መሐል ሜዳ፣ ወደ ቤት። ኪሎ ሜትሩ፣ ቤንዚኑ፣ ሰዓቱ ሁሉ ተጽፏል። አንድ ነገር ብቻ የለበትም፤ ሰው የለበትም። ማን ይደክማል? ማን ይበርደዋል? ማን ምን ፈልጎ ይሄዳል? የሚል ጥያቄ አልነበረውም።

አንድ ማታ እራት ላይ ደብተሩን ተቀበልኩትና ሁሉንም በየተራ ጠየቅሁ። «ሳታዩ ብትመለሱ የሚቆጫችሁ አንድ ነገር ምንድን ነው?»

ትንሹ ልጄ «ቀይ ቀበሮ!» አለ። ትልቋ ጭላዳ ዝንጀሮ አለች። ባለቤቴ ምኒልክ ወደ እንጦጦ ሳይወጡ በፊት የነገሡበትን የአንኮበርን የቤተ መንግሥት ኮረብታ አለ። ከዚያ አብረውን ወደሚኖሩት ወደ ባለቤቴ አባት ዞርኩ። ያን ጊዜ 76 ዓመታቸው ነበር፤ የመንዝ ሰው ናቸው። ለወጉ ነው የጠየቅኋቸው፤ ይሄዳሉ ብሎ ያሰበ ማንም የለም።

«እኔማ» አሉ ጉርሻቸውን አስቀምጠው፣ «የእናቴን መቃብር ነው።»

ቤቱ ጸጥ አለ። አባባ በልጅነታቸው ከወንድማቸው ጋር በመሬት ተጣልተው ነው ከመንዝ የወጡት። እናታቸው ሲያርፉ መርዶው የደረሳቸው ከዐርባው በኋላ ነው። «ሳልቀብር ቀረሁ። ከዚያ በኋላ በምን ፊቴ ልሂድ?» አሉ። ልጃቸው ይህን ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። በአንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር ስንት ዓመት!

ብንወስዳቸውስ? ብንተዋቸውስ?

ከዚያ ቀን በኋላ ጠብ ሆነ። ባለቤቴ «በዚያ ብርድ የ76 ዓመት ሽማግሌ፣ የደም ግፊት ያለበት ሰው ይዤ ልሂድ? እዚያ ቢሞትብኝስ?» አለ። እኔም «ሳንወስዳቸው ቢሞቱስ?» አልኩት። ሦስት ቀን ተኮራረፍን። እውነቱን ለመናገር የሁለታችንም ፍርሃት ትክክል ነበር።

ያስታረቀን ደብተሩ ነው። ጥያቄውን «ይሂዱ ወይስ ይቅሩ?» ከሚለው አውጥተን «እሳቸው የሚችሉት ጉዞ ምን ዓይነት ነው?» ወደሚለው አዞርነው። ሐኪማቸውን አማከርን። መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ፣ ዳገት እንዳይወጡ፣ ከፍታውን ቀስ ብለው እንዲለማመዱ ነገራቸው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ሲያርፉም የማይለቅ የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ነገ ይሻላቸዋል ሳንል ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይዘናቸው እንድንወርድ አስጠነቀቀን።

ምክንያቱም ቀላል ነው። ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። እዚያ አንድ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ሲኬድ የማደሪያውን ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር ይመከራል። እኛ አዲስ አበቦች ደጋ መኖራችን ይረዳናል እንጂ ከሕጉ አያወጣንም።

ስለዚህ አራቱ ቀን ዘጠኝ ሆነ። ደብረ ብርሃን ዘመድ ቤት ሁለት ሌሊት። ከዚያ ዝቅ ወደሚለው አንኮበር ሁለት ሌሊት። ተመልሶ ደብረ ብርሃን አንድ ሌሊት። መሐል ሜዳ ሁለት ሌሊት። ሲመለሱ ደብረ ብርሃን አንድ ሌሊት። ጊዜው የልጆቹ የመንፈቀ ዓመት ዕረፍት፣ የጥር መጨረሻ። የካቲት ከገባ የበልግ ዝናብ ሊመጣ ይችላል፤ የጠጠር መንገድ ደግሞ ሲዘንብ ጠላት ነው። አባባ የትም ቦታ ድንኳን ውስጥ አያድሩም። ከቀናቱ አንዱን ለምንም ነገር አልመደብነውም፤ ለድካም፣ ለጎማ፣ ለጭጋግ ተብሎ ተተወ።

አስተማሪው ማን ሆነ?

ይሄዳሉ ከተባለ በኋላ አባባ ሌላ ሰው ሆኑ። እኛ ስንቅ ብለን ፓስታና ቆርቆሮ ዓሣ ስንዘረዝር ሳቁብን። «ጥራጥሬ ይዛችሁ ጓሳ ላይ ልትቀቅሉ ነው? አድራችሁም አይበስልላችሁ!» እውነታቸውን ነው። በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ እንኳ ሳይደርስ ነው። ስለዚህ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንታና ሽሮ ያዝን። አያቶቻችን ስንቅ ቋጥረው፣ ድንኳን ጭነው ስንት ወር ይጓዙ የለም እንዴ! ሰፈር የምንለው ቃል ራሱ ሰፈረ ካለው የመጣ ነው። እኛ እንግዳ ነገር አደረግነው እንጂ ድንኳን ለእኛ እንግዳ አልነበረም።

ስለ ብርዱም እንዲህ አሉን፦ «ብርድ ከላይ ይመጣል ብላችሁ ትደራርባላችሁ። ብርድ የሚመጣው ከመሬት ነው።» ከሥር ደረቅ ሣር፣ በላዩ አጎዛ፣ ከላይ የመንዝ ባና። ከውጭ የተላከልንን ውድ የመኝታ ከረጢት አጎዛው ላይ ስንዘረጋው ነው ያሞቀን።

በአንድ ነገር ግን እኔ እምቢ አልኩ። ባለቤቴ «ማታ ማታ ከሰል አቀጣጥለን ድንኳኑ ውስጥ እናስገባ» አለ። እባካችሁ ይህን ልብ በሉ! ከሰል ጭሱ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፤ የተኛ ሰው እንደተኛ ይቀራል። ድንኳንም ሆነ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ፍም ይዞ መተኛት የለም። እሳት ደጅ ይነዳል፤ ሰው ሞቆ ይገባል፤ አለቀ።

ጉዞው

ከወንድሜ በተዋስናት ባለ ሁለት ጋቢና ፒክ አፕ ተነሣን። አንኮበር ላይ የሰው ግቢ አስፈቅደን ድንኳናችንን ተከልን። ባለቤቴና ልጆቹ የቤተ መንግሥቱን ኮረብታ ወጡ። እኔና አባባ ከታች ተቀምጠን ጭጋጉ ከገደሉ ሥር ሲወጣ እያየን ቡና ጠጣን። አንድም ቀን አልተጣደፍንም። የአራት ቀኑ ዕቅድ ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ መኪና ውስጥ ነበርን።

ጣርማ በር ስንደርስ ጣሊያን በወረራው ዘመን የበሳውን ዋሻ ለልጆቹ አሳየናቸውና ወደ መንዝ ታጠፍን። ጓሳውን ስናቋርጥ አባባ መስኮቱን አስከፈቱ። ጓሳ ሣር በዘፈቀደ እንደማይታጨድ፣ ቀድሞ በቄሮ ሥርዓት አባ ቄራ ተሹሞ ለዓመታት ተከልክሎ ይቆይ እንደነበር ለልጆቹ ነገሯቸው። ያ ሥርዓት ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ፈርሶ ነበር። ኋላ ሕዝቡ በራሱ ጥብቅ ቦታ አድርጎ መልሶታል።

በማግሥቱ የአባባን አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን አገኘን። መቃብሩ ድንጋይ ብቻ ነው፤ ስም የለበትም። አንድ ሽማግሌ ናቸው «ይሄ ነው» ብለው ያሳዩን። አባባ ከካፖርታቸው ኪስ ጧፍና ዕጣን አወጡ። ከአዲስ አበባ ጀምሮ ይዘውት ኖሯል፤ ማናችንም አላየንም። ካህን ጠርተው ጸሎት አስደረሱ። ከዚያ «እስቲ ተዉኝ» አሉን። አንድ ሰዓት ያህል ብቻቸውን ተቀመጡ። ባለቤቴ መኪናውን ተደግፎ ፊቱን ወደ ሜዳው አዙሮ አለቀሰ። እኔም አላየሁም አልኩ።

የዚያን ማታ ባለቤቴና ልጆቹ ጓሳ ላይ በተፈቀደው ቦታ ድንኳን ውስጥ አደሩ። እኔና አባባ መሐል ሜዳ አልጋ ይዘን ቀረን። ጠዋት ሊወስዱን ሲመጡ የባለቤቴ ከንፈር ጠቁሯል፤ ድንኳኑ ላይ ውርጭ ጋግሮ ነበር። ትንሹ ልጄ ግን ከመኪናው ሳይወርድ «አየሁት! አይጥ ሲይዝ አየሁት!» ብሎ ጮኸ። አባባ የዚያን ቀን ራት ላይ ሁለት ጊዜ አስጨመሩ።

ዛሬስ?

አባባ በ2014 ዓ.ም. ቤታቸው፣ አልጋቸው ላይ አረፉ። ያን ጊዜ በራችን ላይ ድንኳን በእውነት ተተከለ፤ ጎረቤታችንም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በእውነት መጡ። ባለቤቴ ለለቀስተኛው ሁሉ የሚያወራው ያን መቃብር ነበር። «እንኳን ወሰድኩት» ይላል። አንድም ቀን «አልኩህ አይደል?» አላልኩትም። ይህም ትዳር ነው።

ሁለተኛ ጉዞ ለ2016 ዓ.ም. ዐቅደን ነበር። ጦርነቱ በ2014 ኅዳር እስከ ደብረ ሲና መድረሱን ሁላችንም እናውቃለን፤ በ2015 ክረምት ደግሞ በክልሉ የተነሣው ግጭት ዕቅዳችንን አስቀረው። ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖች ደብረ ብርሃን ላይ በመጠለያ ካምፕ መኖራቸውን ሳስብ፣ ድንኳን ሽርሽር የሚሆነው የሚመለሱበት ቤት ላለው ሰው ብቻ መሆኑ ይገባኛል። ስለዚህ ማንም ሰው ከመነሣቱ በፊት መንገዱን የአገሩን ሰው ይጠይቅ። «አትምጡ» ከተባለ መቅረት ፈሪነት አይደለም።

ማቀዱን ግን አትተዉ። ለማቀድ ቤንዚን አያስፈልግም። እስቲ ዛሬ ማታ እራት ላይ ያችን ጥያቄ ጠይቁ፤ «ሳታዩ ብትቀሩ የሚቆጫችሁ ምንድን ነው?» በሉ። በተለይ ዝም ብሎ የሚበላውን ሽማግሌ ሳትጠይቁ እንዳታልፉ። ደብተሩ ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው የእሱ መልስ ይሁን።

ቸር ይግጠመን!